ለአክስቴ የተረጎምኩት ፊልም

ሰሞኑን አክስቴን ፊልም ላሳይ ብዬ ጉድ ሆንኩ። የምንኖርበት ሰፈር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ድምፅ አልባ የድሮ ፊልም በፒያኖ ታጅቦ ይታያል። እሳቸው እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ጆሯቸው ሥር እተረጉማለሁ። ሶ፣ አንዷ ቆንጆ የሰው ባል ስታማልል አፈርኩና፣ «እህቱ ናት፣ ናፍቋት ነው» አልኳቸው። ወዲያው ከንፈሩን ሳመችው። ቀጥላ ወይኑ ውስጥ መርዝ ስትጨምር፣ «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው» አልኩ፤ አንዴ ገብቼበታለሁ።

ሰውዬው ጠጥቶ ወደቀ። ፒያኖው ቆመ፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። አክስቴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ባለፈው ዶክተሩ ስለ እኔ ያለውንም እንዲህ ነው የተረጎምክልኝ?»

ፊቴ በጨለማው አይታያቸውም። እጄ ግን ላብ በላብ ሆኖ መዳፋቸው ውስጥ ነበር።