ለሽምግልና የመጡት ኮማንደር

እኔን ለደረጀ ሊጠይቁ ወንጂ ቤታችን የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። ደረጀ መርከበኛ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነጭ የባህር ኃይል ልብስ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ሜዳይ ደርድረዋል። የደረጀ አዛዥ ኮማንደሩ ናቸው፤ የናዝሬት ልጅ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጥግ አያለሁ።

አባቴ የሸንኮራ ቆራጮች አለቃ ነበር፤ ማዕረግ አይፈራም። "ጊዜው የጦርነት ነው። ልጄን ባህር ለሚበላው ሰው አልድርም!" ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ኮማንደሩ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ከአቦምሳ የመጡት የደረጀ አጎት ኦቦ ቱሉ ብድግ አሉ።

"ኮማንደሩ ስለራሱ አያወራም፤ እኔ ልናገር። ምጽዋ ላይ መርከባቸው ተመትታ ስትቃጠል የቻለ ሁሉ ባህር ውስጥ ዘለለ። ይሄ ሰው ግን እሳቱ ውስጥ እየተመላለሰ ከታች የቀሩትን አንድ በአንድ አወጣ። የመጨረሻው የኛ ደረጀ ነበር። እስቲ እጁን እዩት!"

አባቴ ተነሳ። ጠባሳ የሞላውን የኮማንደሩን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው።

"አማቼን ከእሳት ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት?" አለ።

"አማቼ" ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። ኮማንደሩ ፈገግ ብለው፣ "አዎ አባባ፤ ለዚህ ቀን ብዬ ነው ያወጣሁት" አሉ።

ሽማግሌ የተላከባት ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ አፍራ ነው የምትቀመጠው። እኔ ግን ማንም ሳይቀድመኝ እልልታዬን አቀለጥኩት!