ባህር ዳር የሄደችው ልጅ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ላንግሊ ፓርክ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወሩ ነበር፤ አንዷ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሌላዋ ወጣት።

«ልጄ ‹ለቬኬሽን ባህር ዳር ልሄድ ነው› ስትለኝ፣ አገር ቤት መስሎኝ መንገዱ ሰላም አይደለም እያልኩ ስጸልይ ሰነበትኩ» አሉ ትልቋ።

«ታዲያ የት ኖሯል?»

«እዚህ ያደገች ናት፤ የባህር ዳርቻ፣ ቢች ማለቷ ነው። ስፔን፣ ራቁት የሚዋልበት።»

«በዋና ልብስ ነው የሚሆነው፣ እትዬ።»

«ምንም ሳይለበስ ነው የምልሽ። ሽማግሌው ሳይቀር።»

«በስመ አብ። ምን አሏት?»

«መጀመሪያ እኔን ቅበሪኝ አልኳት።»

«እሷስ?»

«የሸሚዟን ቁልፍ ፈታችው። ለካንሰሩ ሰርጀሪ አድርገው ጡቷን ቆርጠው ካነሱላት ወዲህ አሳይታኝ አታውቅም ነበር።»



«ከዚያስ?»

«‹እዛ ማንም አያፈጥብኝም። በሽታው ተመልሷል እማዬ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልሸፈን ፀሐይ ልሙቅ› አለችኝ።»

«እርስዎ ምን መለሱ?»

«ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሸሚዟን ቆልፋለች። ትናንት ሳትሰናበተኝ ሄደች።»

መውረጃዬ ሲደርስ የሴትዮዋን ፊት እንዳላይ አንገቴን ደፍቼ በአጠገባቸው አለፍኩ።