ወተቱ እስኪፈላ

ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ነው፤ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር መንገዱ ተዘጋላችሁ። ፋብሪካውም ቆመ። ዘመዶቼ ሐዋሳ፣ ሰፈሩ ውስጥ የማውቀው ሰው የለኝ፤ አንዲት ክፍሌ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። አንድ ቀን ወደ ማታ በሬ ተንኳኳ። አጥር የምንጋራቸው ባለላሟ አዴ ወርቄ ናቸው፤ ወተት የሚወስደው መኪና ስለቀረባቸው የተረፋቸውን በጆግ ይዘው መጥተዋል። «አካም ጅርታ፣ የኔ ልጅ? ጠጪ፣ አሁን የታለበ ነው!» አሉኝ። «እማማ፣ እኔ ሳይፈላ አልጠጣም፤ ጀርም አለው» ብላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «የኔ ላም? ልጆቼን በሙሉ በዚሁ ነው ያሳደግኳቸው!» «ልጆችዎ የት ናቸው?» አልኩ፣ ወሬ ለመቀየር። «አዲስ አበባ» አሉ። ከዚያ ጀሪካኔን ገልብጠው ቁጭ አሉበት። «በይ አፍዪው፣ ልየው።»

ወተት ደግሞ ለአፍታ ዞር ካሉለት ይገነፍላል፤ ሁለታችንም ድስቷ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። ቀምሰው «ጣዕሙን ገደልሽው!» ብለው ተቆጡ፤ ብርጭቆውን ግን ጨለጡት። በማግስቱም መጡ፣ በሚቀጥለውም ቀን። መንገዱ ሲከፈት ሰፈሩ በሙሉ ደስ አለው። የወተቱ መኪና መጣ፣ የአዴ ወርቄ ልጆችም መጡ፣ የኔ በር መንኳኳቱ ቀረ። አሁን የምገዛው የታሸገ ወተት ነው፤ ማፍላት አያስፈልገውም። እኔ ግን ጀሪካኑን ገልብጬ አስቀምጥና አፈላዋለሁ።