ሃምሳ እርምጃ

«ውርጩስ ዘንድሮ ምሕረት አደረገልን፣ አይደል ይማርሽ? ገብሱን ሳይነካው አለፈ። ባቄላው እንኳ አበባውን አላራገፈም። ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ... ተመስገን። ጥርስ ያበቀለው ትንሹ ነው? ... እሰይ።»

ደግሰው ይህን የእማሆይን ወሬ ከኋላው ሲሰማ ልቡ ትንሽ መለስ አለ። ዕለቱ የኅዳር ቁስቋም ነበር። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር፣ ለተራራው ደንብ ኮሚቴ ስብሰባ እየተሰበሰበ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው በእውቀቱ መዝገቡን ቤቱ ረስቶ ሊያመጣ ሄዷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደግሰው ቀኝ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እማሆይ ጽጌማርያም ከጎረቤታቸው ከይማርሽ ጋር ተቀምጠዋል። ሰፊ ሜዳ እያለ ቦታውን የመረጡት እማሆይ ናቸው። ደግሰው ተነሥቶ ወዲያ እንዳይል፣ ከተነሣ ያነክሳል፤ ካነከሰ ሰው ይጠይቃል።

የስብሰባው ጉዳይ ሁለት ነበር። መጀመሪያ፣ ደግሰው ከእማሆይ ጓሮ ነቅሎ የወሰደው የብረት ወጥመድ ለባለቤቱ ይመለስ ወይስ ለቀጥቃጭ ተሰጥቶ ማረሻ ይሁን? ቀጥሎ ደግሞ ደግሰው ለሚመጣው ዓመት በሊቀ መንበርነቱ ይቀጥል ወይስ ይውረድ?

«ስለ ዶሮዎቼ ጠየቅሽኝ? ... አልጠየቅሽኝም እንዴ? እንግዲያው ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ዐሥራ አንድ ነበሩ፤ አሁን አራት ናቸው፤ አራተኛውም አውራው ነው። ሸለምጥማጡ በየሦስት ቀኑ ይመጣል። እንደሱ ቀጠሮ አክባሪ በዚህ አገር አላየሁም። እንቁላሉ ነበር ጨውና ሳሙና የሚሆነኝ ... ግን አልከፋኝም። ለምን ይከፋኛል? ደንብ ነዋ! ደንብ ባይኖር ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ የሚባል ይቀር ነበር። እኒያ ደንቡን ያወጡልን ትልቅ ሰው እኮ ላሊበላ ወርደው ሦስት ቀን ሙሉ ሠልጥነው ነው የመጡት። ሦስት ቀን! እኛ ዳዊት ለመድገም ስንት ዓመት ፈጀብን?»

ደግሰው ጆሮውን አቆመ። እማሆይ ክርስትና ከተነሣበት ቀን ጀምሮ የሚሉት «አንተ ደግሴ» ነበር። «ትልቅ ሰው» ብለውት አያውቁም።

«ደንቡንማ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከክልሉ ድንጋይ ወዲያ፣ ተራራው ላይ፣ ወጥመድ የሚባል አይጠመድም፤ ቀይ ቀበሮው ይያዛል። ለሸለምጥማጥና ለጃርት ግን ከቤት እስከ ሃምሳ እርምጃ ተፈቅዷል። የሰንበትና የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ወጥመዱ ይነሣል፤ በበዓል ቀን ከያዘ፣ ባለቤቱ ሥራ እንደ ሠራ ይቆጠራል። ይችን የመጨረሻዋን ማን እንዳሰባት ታውቂያለሽ? እሳቸው ናቸው! ሥልጠናው ላይ የለችም። ከራሳቸው አፍልቀው ነው። ሰው ሲተኛ ወጥመዱም ይተኛ ብለው ... ምን ዓይነት መንፈሳዊ ሰው ነው፣ አንች?

«እና የወልደ ሩፋኤልን፣ የሟቹ ባሌን ወጥመድ ሊለኩ መጡ። በሰው አላስለኩም፤ ራሳቸው ናቸው የለኩት። እርምጃቸውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሙሽራ እንዲያ አትራመድም። ተረከዝ ከጣት ... ተረከዝ ከጣት ... ስልሳ ሁለት ሆነ። እኔ ስቆጥረው አርባ ሦስት ነበር። ግን የአሮጊት እግር ምን ያውቃል? የሠለጠነ እግር ሌላ ነው። እግራቸውን ይጠብቅላቸው!»

ይማርሽ ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። ደግሰው ቀኝ እግሩን ከጋቢው ሥር የበለጠ ሳበ፤ ሲስበው ደግሞ አመመውና ጥርሱን ነከሰ። በእውቀቱ ምነው በዘገየ፣ አለ በልቡ፤ ወዲያውም ምነው ቶሎ በመጣ፣ አለ።

«ተረት ልንገርሽ? በሌላ አገር ነው አሉ። ከዚህ ሩቅ ነው ... ከጋሸናም ወዲያ። አንድ ሰው ከአንዲት አሮጊት ወጥመድ ወሰደ። ቀማ አላልኩም፣ ይማርሽ፤ የሰው ስም ማጥፋት ነውር ነው። በአደራ ወሰደ። የኮሚቴ ዕቃ ቤት ቆልፎ ያስቀምጠዋል ሲባል፣ ወጥመዱ ብቻውን እንዳይሰለቸው አዘነለትና አውጥቶ ድንቹ ውስጥ አጠመደው። ጃርት አስቸግሮት። ድንቹ ደግሞ ከክልሉ ድንጋይ ወዲያ ነው። ሰውየው እንኳ አልዘራውም፤ ድንቹ ራሱ ድንጋዩን ተሻግሮ ሄዶ ነው የበቀለ። ከቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል። ... በሙሽራ እርምጃ ስንት እንደሚመጣ አንች አስቢው።

«የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ቅዳሴው መካከል፣ ወንጌሉ ሲነበብ፣ ይህ ሰው አንድ ነገር ትዝ አለው። ወጥመዱን ዋዜማውን አላነሣም! በበዓል ቀን ሊይዝ ነው! ሥራ ሊሆንበት ነው! ... ክልሉን መጣሱ ትዝ አላለውም፤ እርምጃው ትዝ አላለውም፤ በዓሉ ትዝ አለው። ቅዳሴ አቋርጦ የሚወጣ ሰው ወይ አሞታል፣ ወይ ጽድቅ አጣድፎታል። ሮጠ። ‹በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ› ይባላል አይደል? የኛ በሬ ግን ሳሩንም ያበቀለው፣ ገደሉንም የቆፈረው ራሱ ነው። ሮጦ ደረሰና ... እንግዲህ ወጥመዱን ፈልጎ ማግኘት አላስቸገረውም።

«እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተቸገሩ አሉ። ወጥመዱ በበዓል ይዟል፤ ባለቤቱ ሥራ ሠርቷል። ያዡ እሱ፣ የተያዘውም እሱ። መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ? ሸለምጥማጥ እንዳይሉት ጅራት የለው። ጃርት እንዳይሉት እሾህ ... እሾህስ ነበረው።»

ደግሰው ፊት ለፊት ተራራውን ያያል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ወሬኛ፣ ሙሉሃብት፣ ከፊት ካለው ድንጋይ ላይ ግማሽ ፊቱን አዙሯል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«አሮጊቷ ከብት ልትመልስ ስትሄድ ጩኸት ሰማች። ያን ወጥመድ መክፈት የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ባሏ አስተምሯት ነበራ። በሁለት ተረከዟ ብረቱ ላይ ቆማ ከፈተችው። ሰውየው አልቅሶ፣ ስሜን ለማንም አታንሺ፣ አላት። እሷም አላነሣም ብላ ቃል ሰጠች። ቃል ደግሞ ከደንብ ይበልጣል፤ ብትቆራርጫት ስሙን አትነግርሽም። እሱም በበኩሉ ወጥመድሽን በሦስት ቀን እመልሳለሁ አለ። ... ይኸው ዘጠነኛው ቀን ነው። ሰው ነው፣ ይረሳል። ያን ዕለት ሁሉን አስታውሶ ደክሞት ይሆናል።

«ኧረ እንዳትሳሳቺ! ይህ የሌላ አገር ሰው ነው። የኛን ትልቅ ሰውማ የረገጠቻቸው በቅሏቸው ናት። ሚስታቸው በአፏ ነገረችኝ። በቅሎዋን ያን ዕለት ወንዴ ለአማቱ ተዝካር ተውሷት፣ እዚያ ሩቅ፣ ብልባላ ነበረች። እስቲ አስቢው! ከብልባላ ሆና! እንዲህ ያለች በቅሎ ማን አላት? ሰኮናዋም ጥርስ አውጥቷል አሉ ... በሁለት ረድፍ።»

ሙሉሃብት ሳቁን መያዝ አቅቶት ሳል አስመሰለው። ሁለት ሽማግሌዎች ዞረው የደግሰውን ጋቢ፣ ከዚያም ከጋቢው ሥር የሚታየውን የእብጠት ቅርጽ ተመለከቱ። በዚህ መካከል በእውቀቱ መዝገቡን ታቅፎ እያለከለከ ደረሰና እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አደረገ፤ አንደኛውን ጉዳይ ሊያነብ መሆኑ ነው።

ደግሰው አሰበ። ወጥመዱ ለቀጥቃጭ ይሰጥ ካለ፣ ተረቱ ለጉባኤው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይነገራል፤ ያውም በሌላ አገር የማይሆንበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። እጁን አንገቱ ውስጥ ከቶ ከማተቡ ጋር ያሰረውን፣ ወጥመዱ የተቆለፈበትን የዕቃ ቤት ቁልፍ ፈታ። ወደ ኋላ ሳይዞር፣ በትከሻው ላይ አሳልፎ ዘረጋው። መቁጠሪያ የተጠመጠመበት እጅ ቁልፉን ቀስ ብሎ ወሰደለት። «አንደኛው ጉዳይ በስምምነት አልቋል» አለ ለበእውቀቱ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ወንዱ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ መነኩሲት ሲመርቁ ተቀምጦ መስማት በዚያ አገር ነውር ነው። ደግሰውም ቆመ። በግራ እግሩ ብቻ፣ ቀኙን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ሕዝቡ እያየው ቆመ። እማሆይም አልቸኮሉም። አንድ በአንድ፣ ድምፃቸውን ማር አስመስለው መረቁ።

«ገብሱን ይባርክልን። ተራራውን ከነአውሬው ይጠብቅልን። ደንብ ያወጡልንን ትልቅ ሰው ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ ለሚመጣውም ዓመት ከእሳቸው በቀር ሌላ አያስመርጠን። ላወጡልን ደንብ ሁሉ፣ አንዲት ሳትቀር ... ከሁላችንም በፊት እሳቸውን ያብቃቸው።»