ሁዳዴን በጣልያን

ከኬንት ወደ ሲያትል በሚሄደው አውቶብስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ ከጣልያን መመለሷ ነው።

«በሁዳዴ ጣልያን ይኬዳል እንዴ?»

«ቲኬቱን ረክሶ አገኘሁታ!»

«ሶ፣ ምን በላሽ?»

«ምኑ ይበላል! ቦሎኛ ብሄድ ሥጋ፣ ፓርማ ብሄድ ቺዝ። ደቡቡ ይሻላል ብዬ ናፖሊ ወረድኩ፤ እዚያም ቺዝ!»

«ሲሲሊስ?»

«ዓሣ ብቻ። የጥብሱ ሽታ ሊገድለኝ ሲል የንስሐ አባቴን ኮል አደረግኋቸው። ‹አባ፣ ዓሣ እንኳ ይፍቀዱልኝ› አልኳቸው።»

«ፈቀዱልሽ?»

«‹ቲኬቱን ስትቆርጪ መቼ አማከርሽኝ?› ብለው ዘጉብኝ።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገሩን በዳቦና በቲማቲም ዞሬ ጨረስኩት። ፋሲካ ደግሞ ገና ሳምንት ይቀረዋል!»

እኔ የጀመርኩትን የእንቁላል ሳንድዊች ቀስ ብዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።