ኪሱ ውስጥ የተገኘው ኩል

— ሄሎ? ... አይ፣ እዮኤል የለም። ሚስቱ ነኝ፣ ሚሚ። ስልኩን ቻርጀር ላይ ረስቶት ወጣ። ማን ልበል?

— ራኬብ! አሃ፣ ላብራቶሪ አብረሽው የምትሠሪው ራኬብ! እንዴ፣ እንዴት አላውቅሽ? ራት ስንበላ “ራኬብ እንዲህ አለች”፣ ጠዋት ጫማውን ሲያስር “ራኬብ እንዲያ አለች”። እኔ ምን እንዳልኩ ግን የሚያስታውስ የለም።

— አልተቆጣሁም። ለምን እቆጣለሁ? (እማማ ካሳነሽ፣ ቲቪውን ቀነስ ያድርጉልኝ! ... አዎ፣ እሷው ናት።) ... ሄሎ? አለሁ። አማቴ ናቸው።

— ስሚ እህቴ፣ ከደወልሽ አይቀር ልንገርሽ። ኩልሽን ባሌ ጃኬት ኪስ ውስጥ ረስተሻል።

— ኩል ነዋ! ልም ያለ ጥቁር ዱቄት፣ በትንሽ ብልቃጥ። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ከቫዝሊን ሌላ ፊቴን ነክቶት አያውቅም። ታዲያ የማን ልበል?

— ምን? ኒኬል? ... ቀስ ብለሽ አስረጂኝ፣ እኔ አየር ጤና መጋረጃ ነው የምሸጠው። ... እሺ ... አልኮሉ ዱቄቱን ሲነካ ... ሳይነድ፣ ሳይጨስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። እሺ። ... ዱቄቱ ራሱ ግን አያልቅም? በይ እንግዲህ፣ ራስሽን ነው የነገርሽኝ! ራሷ ሳትቃጠል የሰው ቤት የምታቃጥል!

— ... ቆይ። ሁለት ዓመት የለፋችሁበት? ... ከሞከራችሁት ሁሉ የሠራላችሁ ይሄ ዱቄት ብቻ ነው? ... ነገ እንግዶቹ ፊት የምታሳዩት ... ያ ብልቃጥ? ታዲያ ለምን ቤት ያመጣዋል! ... እንዳይጠፋበት። ወይኔ ጉዴ!

— ሄሎ ... አለሁ፣ አለሁ። ራኬብ ... አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትጮሂ። ያንቺን የተኳለ ዓይን ወዶ ነው ብዬ ... ቅናት እኮ ነው፣ አንጀቴ አርሮ ... ዛሬ ሲገባ የኔንም ይየው ብዬ ... ተኳልኩት።

— ሁለቱንም።

— (እማማ! “በልጅነታችን የምንኳለው ይሄው ነው” ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ... አሁን ጌታን መጥራት ምን ያደርግልኛል፣ ውሃ ያምጡልኝ!)

— አዎ፣ ይቆጠቁጠኛል። ከቅድም ጀምሮ። በንዴት ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር። ... የተረፈውማ ... ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ውሃ ለቀቅኩበት።

— ራኬብ? ስደቢኝ፣ ይገባኛል።

— ዱቄቱን ተይው? እንዴት ልተወው፣ ነገስ? ... ዓይኔ ይበልጣል? ... አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ አትበይኝ። እኔ እኮ ላዋርድሽ ነው ስልኩን ያነሳሁት።

— እሺ። ሳላሽ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ። ... ከዚያ ዓይን ሐኪም ጋ። ... አንቺው ትወስጂኛለሽ? ... ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ጎሚስታው አጠገብ አረንጓዴ በር። ... አይ፣ ለእዮኤል እኔው ነኝ የምነግረው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከኔ አፍ ይስማው።

— እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ። ቶሎ ነይ፣ እየባሰብኝ ነው። ... ራኬብ! ሄሎ፣ አትዝጊው!

— ስትመጪ ግን ተኳኩለሽ እንዳትመጪ። ቻው።