ነፍስ የሚስብ ፓምፕ

እናቴ ሐበሻ፣ አባቴ ሱዳናዊ ናቸው፤ እዚሁ ካርቱም ስላደግኩ አማርኛዬ ይወላገዳል። የዚያን ቀን ጀብራ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ልጠግን ሄድኩ። ፓምፑ ውሃውን ከአየር እየቀላቀለ ይተፋል። አየሩ የሚገባበትን ለማግኘት መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ስቀባ፣ የቤቱ ሠራተኛ እትዬ ዘሀራ፣ የወሎ ሴት ናቸው፣ ከበሩ ሳይወጡ "ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። በአረብኛ ትንፋሽ "ነፈስ" ነው፤ አማርኛውም ያው መስሎኝ፣ አየር ያስገባል ለማለት "ነፍስ እየሳበ ነው" አልኳቸው።

የያዙት ሳህን ከእጃቸው ወደቀ። "ማን ነገረህ? ሰሚራን፣ የቤቱን ልጅ፣ ከዚህ ውሃ ሬሳዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ላስረዳ ብል የባሰ እንዳላጠፋ ፈራሁ። አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። አረፋው በማጣሪያው ክዳን ሥር ሲሰርግ አየሁ፤ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ተሰንጥቋል። ቀየርኩት።

"አሁንስ አይስብም?" አሉ።

"አይስብም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አልኩ። እኔ የማልኩት ስለ ጎማው ነበር። እሳቸው ግን ከበሩ ወጡ፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ፤ "ሰሚራዬ፣ ልጁ ዘጋልሽ" አሉ።